የፈቱትን ግዝት መልሼ አሰርሁት

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ለሰው ሳልናገር ኖርሁ። ለባሌ አልነገርሁትም፤ ለወለደችኝ እናቴ አልነገርሁትም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በየዐቢይ ጾሙ ስናዘዝ ዙሪያውን እየዞርሁ «ዋሽቻለሁ፣ አባቴ» ብቻ ብዬ አልፌዋለሁ። ለማን ዋሸሽ፣ በውሸትሽስ ማን ተጎዳ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም እፎይ ብዬ ቀኖናዬን ተቀብዬ፣ ስግደቴን ሰግጄ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ብሎ መጥራት ይቻላል? እኔ ግን ሰባት ዓመት ኑዛዜ ነው ብዬዋለሁ። አሁን እናንተ የምታነቡት በነፍስ አባቴ ቦታ ተቀመጡና ስሙኝ፤ እናንተ ግን ለማን፣ በማን ላይ እያላችሁ ጠይቁኝ፤ እንዳትምሩኝ።

ነርስ ነኝ። የተወለድሁት በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትርቅ ቀበሌ ነው። የምሠራው ከአገሬ ራቅ ባለ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ መርፌ መውጋትና ማሽን መጠበቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ የሚለውን ለታማሚውና ለቤተሰቡ በሚገባቸው አነጋገር ማስረዳት፣ ምን እንደሚመርጡ መጠየቅ፣ የመረጡትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሐኪሙ መመለስ የእኔ ድርሻ ነው። ሥልጠና ወስጄበታለሁ። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ታማሚ ሲመጣ ሐኪሞቹ «ሲስተር፣ ያንቺ አገር ሰዎች ናቸው» ብለው ይጠሩኛል። እኔም ኮራ ብዬ እሄድ ነበር። ይህን የምነግራችሁ «አላውቅም ነበር» የምትለው ሰበብ ከወዲሁ እንድትዘጋብኝ ነው። አውቅ ነበር። ያደረግሁትን ያደረግሁት እያወቅሁ ነው።

ወይዘሮ የሺሐረግ የክርስትና እናቴ ናቸው። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ቤታቸው ነበርሁ፤ ደብተር ገዝተው፣ ጫማ ገዝተው አስተምረውኛል። ልጃቸው እንጉዳይ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ከሦስተኛ ክፍል ወጥታ ለቤቱ ሥራ ስትቀር እኔ ቀጠልሁ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሸኚዬ እሷ ነበረች፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ አዝላ አሻግራኛለች። እህቴ ናት ብል ውሸት አይሆንብኝም።

እንጉዳይ ስማዳ ተዳረች። አባቷ ሲሞቱ የመሬት ድርሻዋን ጠየቀች። ታላቅ ወንድሟ ሞላ «ሴት ልጅ አግብታ ከሄደች ወዲያ ምን መሬት አላት?» አላት። እሷም ወረዳ ሄዳ ከሰሰችው፤ ረታችውም። እናቷ ይህን አልቻሉትም። በአንድ የማርያም ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ሳለ፣ «ልጆቼን በፍርድ ቤት ያናከስሽ! ከዛሬ ጀምረሽ ቤቴን እንዳትረግጪ። ስሞትም ሬሳዬ ላይ እንዳትቆሚ። በማርያም ግዝት!» አሏት። በእኛ አገር ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የገዘተው ሰው በአንደበቱ ካልፈታው፣ ወይም ፈትቼዋለሁ ሲል የሰማ ሰው ቆሞ ካልመሰከረ፣ የተገዘተው እንደታሰረ ይኖራል። እንጉዳይም ታስራ ኖረች፤ አራት ዓመት የእናቷን ደጅ ሳታይ።

የክርስትና እናቴ የታመሙት ገብሱ ታጭዶ ሳይወቃ ነው። የሳንባ ምች ነበር፤ ልባቸውም ደክሟል። ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫ ደግሞ ወደ እኛ ላኳቸው። ያመጣቸው ሞላ ነው። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሰውን ሁሉ በዐይናቸው ይከተሉ ነበር። አእምሯቸው ከእኔ ይልቅ ንቁ ነበር።

ሞላ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዞ፣ «አደራሽን፣ ሕመሟን እንዳትነግሪያት። ቀላል ነው፣ ትድኛለሽ በያት። ለእንጉዳይም እንዳይሰማ፤ መጥታ ነገር ቀስቅሳ እናቴን እንዳትገድልብኝ» አለኝ።

«እሺ፣ አታስብ» አልሁት።

አታስብ አልሁት! ይህን ቃል ሳስታውስ ጥርሴን እነክሳለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ማን ነው ይህን ልማድ ደግነት ብሎ የሰየመው? ልጁን ለመዳር፣ በሬውን ለመሸጥ፣ አጥሩን ለማጠር ሽማግሌ ያማክር የነበረ ትልቅ ሰው ታሞ ሲተኛ እንደ ሕፃን ይደለላል። አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት በራሷ ትንፋሽ ላይ አትጠየቅም። ወንድ ልጇ ኮሪደር ላይ ይጠየቃል፤ እሱ ይፈርማል። እኛ ነጭ የለበስነውም «ባህላችን ነው» እንላለን። ባህላችን አይደለም፤ ፈሪነታችን ነው። ፈሪነቴ ነው ልበል፤ «እኛ» እያልሁ ሰው መሐል ልደበቅ አልፈልግም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሐኪሞች ዙር በኋላ ዶክተሩ ለብቻዬ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነበር።

«ሲስተር፣ ኦክስጅኑ ብቻውን እየበቃቸው አይደለም» አለኝ። «ቱቦ ገብቶላቸው በማሽን ካልተነፈሱ ይደክማሉ። ግን በዚህ ልብ ከማሽኑ ላይወርዱ ይችላሉ። ቱቦው ከገባ ደግሞ መናገር አይችሉም። አእምሯቸው ንጹሕ ስለሆነ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። አልፈልግም ካሉ መብታቸው ነው፤ እንዳይጨነቁ አድርገን እንይዛቸዋለን። የሚያነጋግሩት ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ይሁን። አደራ።»

በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት አደራ ተቀበልሁ ማለት ነው። የትኛውን እንደበላሁ ታያላችሁ።

አልጋቸው አጠገብ ስደርስ እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጀመሩ። የአፍና የአፍንጫቸውን ጭምብል በእጃቸው ገለጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ እየሞትሁ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ! ምን ሆኑና? ሳል ነው፤ ይለቅዎታል።»

«ሳሉንማ አውቀዋለሁ፣ ስንት ክረምት አብረን ከርመናል። ይሄ ሌላ ነው።» ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና እጄን ያዙኝ። «ስሚኝ። እንጉዳይን ፈትቻታለሁ። በማርያም የገዘትኋትን በማርያም ፈትቻታለሁ። ሬሳዬ ላይ ትቁም፤ ታልቅስልኝ። ያቺ ልጅ የጠየቀችው የአባቷን ነው፤ እኔ ነኝ የከፋሁባት። ደውይልኝና በጆሮዋ ልንገራት። አንቺም ምስክር ሁኚኝ። ከዚያ አገሬ ይውሰዱኝ።»

ስልኩ በጋወኔ ኪስ ውስጥ ነበር። የእንጉዳይ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነበር። የሚያስፈልገው አንድ ጣት ነው።

«ነገ ይደርሳል፣ እማማ። ሲሻልዎ በአካል ይነግሯታል። አሁን መናገር ያደክምዎታል» አልሁና ጭምብሉን መልሼ አፋቸው ላይ አደረግሁት።

ጭምብሉን መለስሁት። እኔ ነኝ። ስለ ቱቦው አልነገርኋቸውም። ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ሰዎች የክርስትና እናትሽን አፍ የዘጋው ማሽኑ ነው ሊሉኝ ይችላሉ፤ ማሽኑ የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ የዘጋሁት እኔ በገዛ እጄ ነው። እሳቸውም በዐይናቸው ብቻ አዩኝ። አልተቆጡም፤ ጭምብሉንም መልሰው አልገለጡትም። ያሳደጓትን፣ የተማረችዋን ልጅ አመኑ።

ለምን? ሰባት ዓመት ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው። ሞላን ፈርቼ ነው? ጥቂት። ለእንጉዳይ ብደውልና እናቷን ብታነጋግር፣ እሳቸው በማግሥቱ ቢሞቱ፣ አገር ቤት «ነርሷ ክፉ ወሬ ነግራ ገደለቻት» እንዳይሉኝ ነው? እሱም አለበት። ግን ከሁሉ በታች የተኛው ሌላ ነው፤ እሱን ስናገር አፍራለሁ። ላድናቸው ፈልጌ ነበር። የክርስትና ልጇ በማሽን አዳነቻት ተብሎ በአርብ ገበያ እንዲወራልኝ ፈልጌ ነበር። ደህና ሁኑ ሊሉ የተዘጋጁ ሴት የእኔን ዝና አይሰጡኝም። ስለዚህ ስንብታቸውን ቀማኋቸው።

ዶክተሩ «ተነጋገራችሁ?» አለኝ።

«አዎ። ተስማምተዋል። የሚሉት ነገር የለም።»

ሞላ ወረቀቱን ፈረመ። «ይሻላታል?» አለኝ። «ይሻላታል» አልሁት። ከሰዓት በፊት ቱቦው ገባ።

ስድስት ቀን ኖሩ። በሁለተኛው ቀን የሚያስተኛው መድኃኒት ሲላላ ዐይናቸውን ገለጡ፤ ፈልገውም አገኙኝ። ቀኝ እጃቸውን እንደምንም አነሱና መዳፋቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ስልክ ማለታቸው ነው። በክፍሉ ካለው ሰው ሁሉ ነገሩ የገባው ቢኖር እኔ ነበርሁ። ያኔም አልረፈደም ነበር። መናገር ባይችሉ መስማት ይችሉ ነበር፤ ደውዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ባደርግ፣ «እንጉዳይ፣ እናትሽ ፈትታሻለች» ብል፣ የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው ይሄዱ ነበር። ግን ዶክተሩ አጠገቤ ቆሟል። የሚሉት ነገር የለም ብዬዋለሁ። ስለዚህ «ተጨንቀዋል፣ ቱቦውን ሊነቅሉ ነው» አልሁት። መድኃኒቱ ተጨመረ። እጃቸው አንሶላው ላይ ወደቀ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ዐረፉ።

ሬሳቸውን ይዘን ወደ አገር ገባን። እንጉዳይ መርዶውን ሰምታ ከስማዳ በእግሯ ስትሮጥ መጥታ ደርሳለች። ግን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አልገባችም። ከድንጋዩ ካብ ውጭ፣ በደጋፊ ሴቶች መሐል ሆና ደረቷን ትመታ ነበር። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሳይወርድ፣ የክርስትና እናቴ ነፍስ አባት ቄስ መኳንንት ወጡ። እሳቸውም ከብዷቸው ነበር።

«ይቺ ልጅ ውጭ ቀርታ እናቷ ብትቀበር እኔም ሆዴ አይችልም» አሉ። «ነገር ግን እናት በአፏ ያሰረችውን እኔ ያለ ምስክር አልፈታውም። ስትታመም አጠገቧ የነበረ፣ ፈትቻታለሁ ስትል የሰማ ሰው አለ?»

ሞላ አንገቱን ደፋ። እሱ አልሰማም፤ እውነቱን ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እንጉዳይም ከካቡ በላይ አንገቷን አስግጋ ወደ እኔ አየች።

«መናገር አይችሉም ነበር፣ አባቴ» አልሁ። «ቱቦ ነበረባቸው።»

ይህ እውነት ነው። አንዲት ቃል ሐሰት የለበትም። ከዚህ የከፋ ውሸት ግን ተናግሬ አላውቅም። በዚያች ቅጽበት «ሰምቻለሁ» ብል አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያፍረው፤ እሱም እኔ። ሰምተሽ ለምን አልደወልሽላትም፣ ለምን ለሐኪሙ ደበቅሽ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ለእኔ የአንድ ቀን ኀፍረት ስል እህቴን ከእናቷ ቀብር ውጭ ተውኋት። አፈሩ ሲመለስ የእንጉዳይ ጩኸት ከካቡ ወዲያ ይሰማ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ሴቶቹ ትከሻዬን እያቀፉ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «የወለደቻት ልጅ ያላደረገችላትን አንቺ አደረግሽላት። ተባረኪ!» ተባረኪ! አሜን አልሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሞላን ስከስ ኖርሁ። እሱ ነው አትንገሪ ያለኝ፤ ለመሬቱ ሲል ነው እያልሁ። ውሸት! ሞላ ስለ መሬት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እናቱን የሚወድ፣ ሁሉም የሚያደርገውን የሚያደርግ ሰው ነው። እናቱ ምን እንዳሉም አያውቅም ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀጥዬ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልሁ። ያን ቀን የነበሩት ታማሚዎች አራት ናቸው፤ ጊዜ ነበረኝ።

ደግሞ ስሙት፣ ከዚያ ወዲህ በክፍላችን በዚህ ሥራ የተመሰገንሁ እኔ ነኝ። «አትንገሩት» የሚል ቤተሰብ ሲመጣ እቆጣለሁ፤ ታማሚው ይጠየቅ ብዬ እሟገታለሁ፤ አዳዲሶቹ ነርሶች ይህን ከእኔ ይማራሉ። ቁጣዬ ለታማሚው መስሏቸው ያከብሩኛል። ቁጣዬ ለራሴ ነው። በየአልጋው ራስጌ የምጮኸው በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ከእስቴ አንድ አባት መጡ። ልጆቻቸው እንደተለመደው አትንገሪያቸው አሉኝ፤ ተሟግቼ እንዲነገራቸው አደረግሁ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እንግዲያው ከወንድሜ አገናኙኝ፣ ተቀያይመናል» አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ሁለት ሽማግሌዎች በስልክ ተላቀሱ። ሰውየው ቱቦውን አልፈልግም ብለው በማግሥቱ አገራቸው ገቡ። ሊሄዱ ሲሉ ልጃቸው ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። ያን እጅ! መጸዳጃ ቤት ገብቼ እስኪቀላ አጠብሁት፤ ከዚያ ፈቃድ ጠይቄ ስማዳ ሄድሁ።

እንጉዳይን አተር ስታጭድ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ልታቅፈኝ ስትመጣ «አትቅረቢኝ፣ መጀመሪያ ስሚኝ» አልኋትና እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት። ጭምብሉን፣ ስልኩን፣ እናቷ ወደ ጆሯቸው ያነሱትን እጅ። ማጭዷን ይዛ እንደቆመች ሰማችኝ።

«ያን ቀን ከካቡ ውጭ ቆሜ አይተሽኝ ነበር?» አለችኝ።

«አይቼሽ ነበር።»

«እናቴን ስጠራት ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼሽ ነበር።»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። እግሯን አስለቀቀችኝ።

«ተነሽ» አለች። «ለእኔ ብቻ ነግረሽኝ ልትሄጂ ነው? ስገዘት አገር ሰምቷል። እናቷ ያልፈታቻት እየተባልሁ ሰባት ዓመት ኖርሁ። መቃብሯን አንድ ቀን አልረገጥሁም። ልጄን ሊያጩ መጥተው ይህን ሰምተው የተመለሱ አሉ። ስፈታም አገር ይስማ። ይቅር ማለቱን አታንሺብኝ፤ እሱን ከእኔ አታገኚም።» ተመልሳ አጨዳዋን ቀጠለች።

ልክ ናት። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ደጀ ሰላም፣ እናቷ በገዘቱበት ቦታ እቆማለሁ። ቄስ መኳንንት አሉ፤ ሞላም አለ። እዚያ ለማትደርሱት ደግሞ ጻፍሁላችሁ። ግዝቱን የሰማችሁ፣ በግዝቱ እንጉዳይን የሸሻችሁ፣ ስለ እሷ ያንሾካሾካችሁ ሁሉ ስሙ። ወይዘሮ የሺሐረግ አእምሯቸው ሳይናወጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በገዛ አንደበታቸው ልጃቸውን ፈትተዋል። በማርያም የገዘትኋትን በማርያም ፈትቻታለሁ ብለዋል። ሬሳዬ ላይ ትቁም፣ ታልቅስልኝ ብለዋል። የሰማሁት እኔ ነኝ። የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ የካድሁት እኔ ነኝ። ልማዱ አይደለም፤ ሞላ አይደለም፤ ማሽኑም አይደለም።

እኔን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ብትሉኝም አልቀበላችሁም። እንጉዳይ ግን እናቷን ልታለቅስ ትመጣለች። ስትመጣ መንገድ ልቀቁላት።